ስንት ሰው ዘመረ?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በአንጋጫ የሚቀረጽ መዝሙር ዛሬ አድማጭ ጋ ከመድረሱ በፊት ረጅም መንገድ ይሄዳል። ዘማሪዋ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ስፖንጅ በተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ቆማ ትዘምራለች። ድምፅዋ በሳውንድ ካርድ በኩል ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ በየሰከንዱ 48,000 ጊዜ እየተለካም ቁጥር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የፕለጊኖች፣ ማለትም ድምፅ የሚያርሙ ትናንሽ ፕሮግራሞች ነው። አንዱ የወረደውን ዜማ ያቀናል፣ ሌላው ከፍ ዝቅ ያለውን ጉልበት ያስተካክላል፣ ሌላው የክፍሉን ጉምጉምታ ይቀንሳል፣ የመጨረሻው ደግሞ ድምፅዋን እግሯ ረግጦት በማያውቅ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያስተጋባዋል። ኮምፒውተሩ ጭነቱን ካልቻለ ስሌቱ በኔትወርክ ገመድ ወደ ሌላ ማሽን ይላክና ተሠርቶ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። እንዲህ ሆኖ የወጣው መዝሙር በታክሲ፣ በሰርግ፣ በለቅሶ ቤት፣ በየሰው ስልክ ይሰማል፤ ሰው ያነባበታል፣ ይጸልይበታል። እንግዲህ የሚነሳው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በማሽን የታረመ አምልኮ እውነተኛ አምልኮ ሊባል ይችላል? ከሆነስ እስከ የት ድረስ?

ጥያቄው በየትኛውም ከተማ ሊነሳ ይችላል፤ በሀዲያና በከምባታ ግን ክብደቱ ይለያል። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎቻቸው አንዱን የተከሉት በሆሳዕና አጠገብ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ሚስዮናውያኑ ተባረሩ። የቀሩት አማኞች ጥቂት ነበሩ፤ ማንበብ የሚችሉት ደግሞ ከጥቂቶቹም ጥቂት። ያም ሆኖ በወላይታም ሆነ በከምባታና በሀዲያ እምነቱ በእነዚያ ዓመታት ተስፋፋ እንጂ አልጠፋም። መጽሐፍ እምብዛም በሌለበት ትምህርቱን የተሸከሙት በቃል የሚነገር ምስክርነትና መዝሙር ናቸው። አንዱ ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ የተቀበለውም ዜማውን ይዞ ወደ ቀጣዩ መንደር ይሻገራል። በደርግ ዘመን ብዙ አጥቢያዎች ሲታሸጉ ይኸው ሸክም በካሴት ላይ ወደቀ፤ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ፣ በእያንዳንዱ ግልባጭም እየሻከረ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ዛሬ የቃለ ሕይወት፣ የመካነ ኢየሱስ ወይም የሙሉ ወንጌል አጥቢያ የሌለበት ከተማ በአካባቢው ማግኘት ይከብዳል፤ መዘምራን የሌሉት አጥቢያም እንዲሁ። በእነዚህ ከተሞች መዝሙር የስብከት ማጀቢያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዘማሪው ያየውንና የደረሰበትን ይናገራል፤ ተቀባዩም እኔም እንዲሁ ሲል ያጸናለታል። ይህን ያህል ሸክም ለተጣለበት ነገር ማን ተናገረ፣ ማንስ አጸና ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱን ከመፈለግ በፊት ሰሚው ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መዝሙር ሁለት ሰሚ አለው። ለእግዚአብሔር ይዘመራል፤ ደግሞም ጳውሎስ ለኤፌሶንና ለቆላስይስ ሰዎች እንደጻፈው አማኞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትና የሚመካከሩበት ነው። በመጀመሪያው ሰሚ ዘንድ ፕለጊን ምንም ሥራ የለውም። ልብን የሚመረምር አምላክ ዘማሪዋን የሰማት ማይክሮፎኑ ፊት ሳትቆም ነው። የዜማ ማረሚያ በእሱ ፊት አያሳምራትም፤ አያሳፍራትምም። ነቢዩ አሞጽ እግዚአብሔር የዝማሬውን ጩኸት አርቁልኝ ማለቱን ሲናገር ምክንያቱ የዜማው መበላሸት አልነበረም፤ ፍርድና ጽድቅ መጓደሉ ነበር። ስለዚህ በስቱዲዮ ዙሪያ ዘወትር የሚሰሙ ሁለት ንግግሮች አብረው ይወድቃሉ። ለእግዚአብሔር ጥራት ያለው ነገር ማቅረብ አለብን ብሎ ማሽኑን የሚያጸድቀው ሰው እግዚአብሔር የማያስፈልገውን ነገር በስሙ ይጠይቃል። በእግዚአብሔር ፊት ማስመሰል ነው ብሎ ማሽኑን የሚኮንነውም እግዚአብሔር ሊታለል የሚችል ያስመስለዋል። የሚቀረው ሁለተኛው ሰሚ ነው። የስቱዲዮ ሥራ ሥነ ምግባር ያለው በሰውና በሰው መካከል ነው፤ ጥያቄውም ባልንጀራችን ይህን መዝሙር ሲሰማ ያልሆነው ነገር ሆኗል ብሎ እንዲያምን እያደረግነው ነው ወይ የሚል ይሆናል።

ድምፅን መነካካት በራሱ ጥፋት ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው ሥራው 10ኛ መጽሐፍ ላይ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ የዝማሬው ጣዕም ልቡን ሲወስደው እንደሚበድል ይቆጥረው እንደነበር ይናገራል። የእስክንድርያው አትናቴዎስ መዝሙረ ዳዊት የሚያዜመው አንባቢ ድምፁን እምብዛም ሳያወዛውዝ ለንባብ አቅርቦ እንዲለው ያደርግ ነበር መባሉንም በአድናቆት ያነሳል። ይህ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ራሱ አትናቴዎስ ነው። ነገር ግን ከዚያችው አክሱም ያሬድ ተነሣ፤ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የተመላለሰው የዜማ ሥርዓትም በስሙ ቆመ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለደረቅ ንባብ ሳይሆን ለዓመታት ተማሪ ቤት ተቀምጦ ለሚገራ ድምፅ አደላች። አውግስጢኖስም ቢሆን አመዛዝኖ ሲያበቃ ዝማሬው ይቅር አላለም። መጽሐፈ ዜና መዋዕል በዳዊት ዘመን ለቤተ መቅደሱ የተለዩትን በዝማሬ የሠለጠኑ ሰዎች 288 ብሎ ይቆጥራል፤ ሥልጠና ደግሞ ድምፅን መለወጥ ነው። አዳራሹ ያስተጋባል፣ ከበሮው ይሸፍናል፣ ማይክሮፎኑ የቀረበውን ያገዝፋል። ምንም ያልነካው ድምፅ በአምልኮ ታሪክ ውስጥ የለም። ክርክሩ የክርስቲያኖች ብቻም አይደለም። የሙዚቃ መሣሪያ በማይፈቅዱ የነሺዳ (የሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ) ሠሪዎች ዘንድ የሰው ድምፅ በፕለጊን ተለውጦ እንደ ከበሮና እንደ ክራር እንዲሰማ ይደረጋል፤ እዚያም ድምፅ የት አልቆ መሣሪያ የት ይጀምራል የሚለው ሙግት ያው ነው።

የዜማ ማረሚያውን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ዘማሪዋ በሰከንድ 440 ጊዜ መርገብገብ የነበረበትን ድምፅ 430 ላይ ያዘችው እንበል። ፕሮግራሙ ሞገዱን ከራሱ ጋር እያነጻጸረ በየስንት ጊዜው እንደሚደገም ያሰላል፣ በአቅራቢያው ያለውን የኪቦርድ ኖታ ይመርጣል፣ ከዚያም ወደ 440 ይስበዋል። ስሌቱን ወደ ሙዚቃ ያመጣው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ ነዳጅ ለመፈለግ ከመሬት ውስጥ የሚመለስ ሞገድ ይመረምር የነበረ ባለሙያ ነው፤ ኦቶቱን የተባለው ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። እንግዲህ የተለወጠው ምንድን ነው? ቃሉ የእሷ ነው፤ ትንፋሹም፣ የድምፁም ወዝ፣ እንድትዘምር ያስነሳትም መከራ የእሷ ነው። የተለወጠው በሰከንድ አሥር እርግብግቢት ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነበር። ጽሕፈቱ የጤርጥዮስ በመሆኑ መልእክቱ የጳውሎስ መሆኑ አልቀረም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጤርጥዮስ ራሱን አለመሰወሩ ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፍ መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ሰላምታውን አኑሯል። ከምስክር የሚፈለገው ማየቱና መድረሱ እንጂ የድምፁ ማማር አይደለም። ስለዚህ ዜማን ማቅናት ምስክርነቱን አያፈርስም ባይ ነኝ።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ማረሚያው ትክክል ብሎ የሚያውቀው የኪቦርድን ልክ ነው፤ ኦክታቩን እኩል አሥራ ሁለት ቦታ ከፍሎ ከዚያ የወጣውን ሁሉ ስህተት ይለዋል። በሀድይሳና በከምባትሳ የሚያዜሙ እናቶች ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተቱ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚቆዩበት ቦታ አለ፤ ዜማው ዜማ የሚሆነውም በዚያ ቆይታ ነው። ማሽኑ ያንን ልቅሶ የመሰለ መንሸራተት ደረጃ በደረጃ ቆራርጦ ያስተካክለዋል። ያኔ የታረመው የአንዲት ዘማሪ ጉድለት አይደለም፤ የአንድ ሕዝብ አዘማመር እንደ ጉድለት ተቆጥሯል። መፍትሔው ከፕሮግራሙ ውጭ አይደለም፤ ፍጥነቱን ማዘግየት፣ ኖታዎቹን በእጅ መምረጥ፣ መንሸራተቱን እንዳለ መተው ይቻላል። ማሽኑ እንደወጣ ከነፋብሪካ ልኩ ከተሠራበት ግን ጥፋቱ የባለሙያው ነው። ዜማውን ከአያቶቹ የሰማ ባለሙያ ለዚህ ከማንም የተሻለ ጆሮ አለው፤ ያንን ጆሮ ለስክሪኑ አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ሁለተኛው ክስ ርቀትን ይመለከታል፤ ተራርቀው የተቀረጹ ሰዎች አብረው አልዘመሩም የሚል ነው። የአውስትራሊያው ኦዲኔት ያወጣው ዳንቴ የተባለው ሥርዓት በአንድ ተራ የኔትወርክ ገመድ በመቶዎች የሚቆጠሩ የድምፅ መስመሮችን ያሳልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤኢኤስ67 የተባለ መስፈርት ደግሞ የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች እንዲግባቡ አድርጓል። ይህ በመሠረቱ የአንድ ሕንፃ ውስጥ ሥራ ነው፤ ከከተማ ከተማ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚላከው የተቀረጸ ፋይል ነው። ለእነዚህ ከተሞች ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም፤ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዛት በየአጥቢያው የመዘምራን መደዳ ላይ ይታያል። ዱራሜ ሳለ ከመዘምራኑ ጋር ይቆም የነበረ ወጣት ጆሃንስበርግ ሆኖ ድርሻውን በስልኩ ቀርጾ ቢልክ፣ የዱራሜው ባለሙያም ከሌሎቹ ጋር ቢያስማማው፣ አብሮ ዘመረ ይባላል? ይባላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በአንድ አዳራሽ አሥር ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት ዘማሪዎች እንኳ 29 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይተው ነው እርስ በርስ የሚደማመጡት። ብርሃን ደግሞ በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ገመዱ 300 ኪሎ ሜትር ተጠማዝዞ ቢደርስ እንኳ ጉዞው 1.5 ሚሊሰከንድ ነው። ጎን ለጎን ከቆመ ሰው አፍ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሻገር ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በተግባር የሚያዘገዩት መሐል ያሉት ማሽኖችና የመስመር መጨናነቅ ናቸው፤ የመብራት መጥፋቱ ሳይቆጠር። አብሮ መሆን ማለት ከቶውንም አለመዘግየት ማለት ሆኖ አያውቅም። ጳውሎስ በሥጋ ርቆ በመንፈስ አብሯቸው እንዳለ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ደብዳቤው ስንት ሳምንት በመንገድ ላይ እንደቆየ አላሳሰበውም። ዋናው በዚያኛው ጫፍ ሰው መኖሩ ነው።

ማረሙም ርቀቱም ካልሆነ ሐሰቱ የት ነው? በእኔ እምነት የሚጀምረው ሰው በሌለበት ሰው ሲሠራ ነው። አንድ ዘማሪ አዝማቹን ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ጊዜ ይቀርጻል፤ ባለሙያው አንዱን ትንሽ ያዘገየዋል፣ ሌላውን ትንሽ ያቀጥነዋል፣ ግራና ቀኝ ይበትናቸዋል። ደግሞ መቅረጽ እንኳ ሳያስፈልግ ከአንድ ድምፅ ብዙ የሚያወጡ ፕለጊኖች አሉ። በላዩ ላይ ሌላ ቦታ የተቀዳ ጭብጨባ፣ እልልታና የብዙ ሰው አሜን ይጨመራል። የእውነተኛ ካቴድራል ማስተጋባት ተለክቶ ወደ ፕለጊን ስለሚገባ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል የተዘመረው መዝሙር አውሮፓ ባለ የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ እንደተዘመረ ሆኖ ይወጣል። ማስተጋባቱ ብዙ አያስጨንቀኝም፤ ቦታ ምስክር አይደለም። ጉባኤው ግን ምስክር ነው። አውጪና ተቀባይ ባለበት አዘማመር ተቀባዩ ጌጥ አይደለም፤ የተባለውን ሰምቶ የሚያጸና ሁለተኛ አፍ ነው። የኦሪት ሕግ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ይጸናል ሲል አንዱ ምስክር ድምፁን እየለዋወጠ ሦስቴ ቢናገር ይበቃል አላለም። ዜና መዋዕል ስለ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ ምረቃ ሲተርክ መለከት የነፉትን ካህናት 120 ብሎ ቆጥሮ፣ ከመዘምራኑ ጋር ድምፃቸው አንድ እንደሆነ፣ ቤቱም በደመና እንደተሞላ ይናገራል። እዚያ ብዙዎች አንድ ሆኑ፤ በስቱዲዮው ግን አንዱ ብዙ ተደረገ። የመጀመሪያው ኅብረት ነው። ሁለተኛው ኅብረት ሳይኖር አለ ብሎ መናገር ነው።

ጥበብን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይቃወመኛል። ቀረጻ የራሱ ሕግ ያለው ጥበብ ነው፤ ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1964 መድረክ ትቶ ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀመጥ የተለያዩ ቀረጻዎችን ቆርጦ መቀጠልን እንደ ማታለል ሳይሆን እንደ ድርሰት ነበር የሚያየው፤ ድምፅ መደራረብም የተለመደ ስለሆነ የሚታለል የለም ይለኛል። የአንዲት ዘማሪ ድምፅ በራሱ ላይ ሲደረብ የእሷው ወፍራም ድምፅ ሆኖ እንደሚሰማ፣ ማንንም እንደማያሳስት እኔም እቀበላለሁ። ጉልድ ግን የሙዚቃ ደራሲውን የባህን ኖታ ነበር የሚጫወተው፤ ጉባኤ አብሮኝ ነበር አላለም። ልማዱን ሁሉ ሰው ያውቀዋል የሚለው ደግሞ ከራሱ ከሥራው ጋር ይጋጫል። ጭብጨባውና እልልታው የሚጨመሩት አድማጩ እውነተኛ ሕዝብ ነው ብሎ እንዲነካ ነው፤ የተሠራ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ የመጨመሩ ፋይዳ ይጠፋ ነበር። በአንጻሩ የሙዚቃ ደራሲው ኤሪክ ዊትከር እ.ኤ.አ. በ2010 ከ12 አገሮች የ185 ሰዎችን ቀረጻ አስማምቶ አንድ መዘምራን ሲያደርግ እያንዳንዱን ፊት በቪዲዮው ላይ አሳይቷል። የማሽኑ ሥራ ድምፅ ከሚደራረብበት ስቱዲዮ ያነሰ አልነበረም፤ ልዩነቱ የሰዎቹ መኖርና መታየት ነው።

ፍሬውን ተመልከት የሚለኝም አይጠፋም፤ በዚያ መዝሙር የተጽናና፣ ከመጠጥ የተመለሰ፣ ከወንድሙ ጋር የታረቀ ሰው ካለ ስለ ተቀባዮቹ ቁጥር መጨቃጨቅ ምን ይጠቅማል? መጽናናቱ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች አንዳንዶች በማመካኘትም ቢሆን ክርስቶስን መስበካቸው ደስ እንደሚለው ጽፏል፤ ማመካኘቱን ግን መልካም ብሎ አልጠራውም። እግዚአብሔር በጎደለ ዕቃ ሊሠራ መቻሉ ዕቃውን ለማጉደል ፈቃድ አይሆንም። ፍሬ ከተቆጠረ ደግሞ ሌላውም ፍሬ መቆጠር አለበት። በስቱዲዮ የተሠራ፣ የማይደክምና የማይሳሳት የብዙ ሰው ድምፅ ጆሮውን የለመደ ጉባኤ የራሱን መዘምራን ሲሰማ ምን ይፈልጋል? ድምፃቸው የሻከረ አዛውንቶች፣ ዜማ የሚስቱ ልጆች ከማይክሮፎኑ እየራቁ፣ በኪቦርዱ ውስጥ የተጫነ ተቀባይ በእነሱ ቦታ እየገባ ይሄዳል። ያኔ ማሽኑ የሌለ ጉባኤ ከመፍጠር አልፎ ያለውን ጉባኤ ዝም ያሰኛል። ሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት የመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። በምልክት ቋንቋ እጁን አንስቶ የሚያመሰግን ልጅ የመዝሙር ዋጋ በድምፅ ጥራት እንደማይመዘን ማስረጃ ነው፤ በጉባኤው መካከል ሆኖ ከሌሎቹ ጋር ያመሰግናልና።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የድሃው ነው። ሃያ ሰው ለማስቀረጽ ሰፊ ክፍል፣ ብዙ ማይክሮፎን፣ የትራንስፖርትና የምሳ ገንዘብ ያስፈልጋል። በትንሽ ከተማ ባለ አንድ ኮምፒውተር ስቱዲዮ የሚሠራ ባለሙያ፣ ከኪሱ ከፍሎ የሚዘምር ዘማሪ ይህን ከየት ያመጣል? ለእሱ ድምፅን መደራረብ ማታለል ሳይሆን መብቃቃት ነው። ይህን ሰው አልኮንንም። ነገር ግን በዚህ አካባቢ የማይገኘው ነገር ማሽን እንጂ ዘማሪ አይደለም። በየአጥቢያው በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የሚለማመዱ መዘምራን አሉ፤ ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድና ሁለት ማይክሮፎን ይዞ ማለዳ ወደ አዳራሹ መሄድ ከስቱዲዮ ኪራይ አይበልጥም። ወፍ ቢሰማ፣ ቆርቆሮው ቢንጣጣ፣ አንዲት እናት ቀድማ ብትገባ የሰው መኖር ምልክት ነው፤ ፕለጊኑም ያኔ እውነተኛ ሥራ ያገኛል፣ ያሉትን ሰዎች ማሰማት። ይህም ካልተቻለ ደግሞ ይደራረብ፤ ግን ይነገር።

በዩቲዩብም ሆነ በፖስተር የመዝሙር መግለጫ ላይ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ፣ ቅንብሩን፣ ሚክሲንግና ማስተሪንጉን ማን እንደሠራ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። በዚያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ተቀባዮቹ የየትኛው አጥቢያ መዘምራን እንደሆኑና ስንት እንደሆኑ ይጻፍ፤ ከሩቅ የላኩም ካሉ ከየት እንደላኩ ይጠቀስ፤ አዝማቹን ዘማሪዋ ብቻዋን ደራርባ ከሆነ የዘመረችው ያው ዘማሪዋ መሆኗ ይገለጽ፤ ጭብጨባውና እልልታው ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ ይቅር። ይህን ለመጻፍ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔና የሺንሺቾ ባለሙያዎች ከሚቀጥለው ሥራቸው ጀምሮ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የአጥቢያ መሪዎችም መዝሙሩን ከማስተዋወቃቸው በፊት ሊጠይቁት ይገባል።